ባዶ እግሯን የበረረችው አውሮፕላን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ትከሻህ እንዴት ሆነ? ክንድህ ከጆሮህ በላይ ይነሣል ወይስ አሁንም ሸሚዝህን የምታለብስህ ባለቤትህ ናት? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ይበላልሃል? እንደ ባለፈው «ደህና ነኝ» ብቻ ብለህ እንዳታልፈኝ፤ «ደህና» ልኬት አይደለም። ባለቤትህስ ጉልበቷ ተሻላት? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጣለች? ልጅህ የማተሚያ ቤቱ ሥራ ተመቸው? ትንሿ የልጅ ልጅህስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልኬቱም ይኸውልህ፦ ሐኪሙ ባለፈው ወር ዐይኔን፣ ጆሮዬንና ልቤን መርምሮ የበረራ ፈቃዴን ለአንድ ዓመት አድሶልኛል። «በሰባ አንድ ዓመትዎ ከእኔ ልብ የእርስዎ ይሻላል» ብሎ ሊያሞካሸኝ ሲሞክር፣ የራሱን ልብ የለካበትን ወረቀት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ሳቀ እንጂ አላሳየኝም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀን አልጻፍህበትም፤ ከፖስታው ማኅተም ላይ ነው ያወጣሁት። ስንት ዓመት ስነግርህ ኖርሁ! በውስጡ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ «እትዬ፣ ግራ እግሬ ሳላዘው ረግጧል፤ እንዲህ ያለ እግር ይዤ ሁለተኛ አልበርም» የሚለው ቃልህ ነው። ሁለተኛው አንተ ፈርመህ የላክኸው የአውሮፕላናችን የመሸጫ ወረቀት ነው። ገዢው ሞተሩን ነቅሎ ለጀልባው ሊያደርገው፣ ክንፎቹን ደግሞ ለዶሮ ቤት ጣሪያ ሊያውላቸው እንዳሰበ በራሱ አፍ ነግሮኛል። ወረቀቱ የሁለታችንንም ፊርማ ይፈልጋል። እኔ አልፈረምሁም። ይህ ሁሉ ደብዳቤ ለምን እንዳልፈረምሁ ነው፤ ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ተቀምጠህ አንብበው።

ባለቤትህና ልጅህ አጠገብህ ሆነው እንደሚሰሙ ስለማውቅ፣ ለእነሱም ግልጽ እንዲሆን ከሥሩ እጀምራለሁ። ይህችን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከበረራ ሜዳችን በሚዋሰነው የጓሮዬ ሼድ ውስጥ የሠራናት አንተና እኔ ነን፤ አንተ ከብረታ ብረት ሥራህ ስትመለስ፣ እኔ የተማሪዎቼን የሒሳብ ደብተር አርሜ ስጨርስ። መቁረጥ፣ መበየድና መሞረድ ያንተ ነበር፤ ማስላት፣ መለካትና «አይሆንም፣ ድገመው» ማለት የእኔ። አንዱ ክንፍ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኝቶ ስለነበር ልጄ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጎንበስ ይበሉ፣ ክንፍ አለ» እያለች ታስገባ እንደነበር ታስታውሳለህ። ከሁሉ ይልቅ የምትኮራባቸው ግን ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያለብሱት የፋይበርግላስ ሽፋኖች ነበሩ። ቅርጻቸው የውኃ ጠብታ ይመስላል፤ ነፋሱ ጎማው ላይ እንዳይላተም አለስልሰው ያሳልፉታል። አንተ «ጫማዎቿ» ትላቸዋለህ። አውሮፕላኗ በሰዓት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የምትሄደው ጫማዋን አድርጋ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አደጋው ከደረሰ ይኸው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ አርፈህ፣ መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብለህ ከሮጥህ በኋላ አውሮፕላኗ በድንገት ወደ ግራ ተጠማዘዘችና ከማኮብኮቢያው ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባች። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፤ ትከሻህ ወለቀ። የሜዳችን ሜካኒክ ጎትቶ አውጥቶ ሼድ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ሆነ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በክሪክ አንሥቷት የግራውን ጎማ በእጁ ቢገፋው እንደ ሕፃን መጫወቻ ተሽከረከረ። «ጎማውም ፍሬኑም ምንም አልሆነ» አለ። ፍሬኖቹ በሁለቱ እግር ለየብቻ የሚረገጡ ናቸውና፣ አንተም ከአልጋህ ላይ ሆነህ፣ «እንግዲያው የቀረው እግሬ ነው፤ ሳላውቀው የግራውን ፍሬን ረግጬዋለሁ» አልህ። ትንሽ ሲሻልህም ሻንጣህን ይዘህ ልጅህ ዘንድ ሄድህ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ አመንሁህ። የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው እግሩ ሊከዳው ይችላል ብዬ ዝም አልሁ። ለዚያ ዝምታዬ ይቅር በለኝ።

የአውሮፕላኗ የመብረሪያ ወረቀት በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ በፊት በርራ ሄዳ የአውሮፕላን መርማሪው ዘንድ ካልታየች ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ ከመዝገብ ከተሰረዘች ደግሞ ለጀልባና ለዶሮ ቤት ካልሆነ ለምንም አትሆንም። ሜካኒኩ አዲሱን ፕሮፔለር ገጥሞ፣ ሞተሩን ሁለት ሰዓት ሙሉ እያስነሣ ፈትሾ ጨርሶ ነበር። ስለዚህ እኔው ልወስዳት ወሰንሁ። ልጄ ስትሰማ ከመድኃኒት ቤቷ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። «እማዬ፣ አጎቴ የወደቀበት ነገር ላይ ልትወጪ ነው?» አለችኝ። «አልወደቀም፤ መሬት ላይ ነው የተጠማዘዘው» አልኋት። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ «ከፍታው» አልሁ። በሩን ወርውራ ሄደች። በነጋታው ግን የሱፍ ሻርፕ ይዛ መጥታ፣ «እዚያ ላይ ብርድ ነው አሉ» ብላ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። አኩርፋ እንኳ ሥራዋን አትረሳም፤ እኔን ነው የወጣችው።

የሜዳችን ዘበኛ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ እንደኖረ ታውቃለህ፤ መንገድ ሳይተች አይውልም። እሑድ ጠዋት ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር አብሮኝ እየተራመደ በዱላው ወጋ ወጋ ያደርገው ጀመር። «መምህር፣ ከላይ ደረቅ መስሎ አያታልልዎት፤ ከሥሩ ሊጥ ነው። የሠርግ ጫማ አድርጎ ማጥ የሚገባ ማን አለ? ያውልቁላት!» አለኝ። እኔም እንደምታውቀው ወዲያው እሺ ማለት አይሆንልኝም። «ካወለቅሁላት በሰዓት ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ታጣለች» አልሁት። «ታዲያ የት ነው የሚቸኩሉት? ትዳር ሊይዙ ነው?» አለኝ። ሌሎቹ የግል አውሮፕላን ሠሪዎች በዝናብ ወራት የጎማ ሽፋን ያወልቃሉ፤ ይህን ድሮም አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ስንበር አንድም ቀን ያላወለቅነው እኔ ያችን ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ስለሳሳሁላት ነው። ዘበኛው እስኪሄድ ጠብቄ ካቻቢቴዬን አነሣሁ።

የቀኙ ሽፋን ስድስቱ ብሎኖች ሲፈቱ በቀላሉ ወጣ፤ ከውስጡ ጥቂት ብናኝና አንድ የደረቀ የሣር ጭራሮ ወደቀ። የግራው ግን ብሎኖቹ ተፈትተውም አልንቀሳቀስ አለ። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልሁ መታ መታ ሳደርገው አንድ ነገር ከውስጥ ተሰነጠቀና ሽፋኑ እጄ ላይ ወጣ። ወንድሜ፣ ከላይኛው ጥግ እስከ ኋላው ጫፍ ድረስ ጭቃ ነበረበት። ደርቆ እንደ ጡብ ጠንክሯል፤ የጎማውን ቅርጽ ይዞ ጎብጧል፤ የጎማው ጥርስ አንድ በአንድ ታትሞበታል። መካከሉ ላይ ጎማው እየታሸ ያለሰለሰው ቦታ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ያብረቀርቃል፤ ጥቁር የላስቲክ ፍቅፋቂም ተጣብቆበታል። ባሬላ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ርጥብ ሳለ ጎማውን ጨምድዶ ይዞታል፤ በዐሥራ አንድ ቀን ፀሐይ ሲደርቅ ደግሞ ተሸማቅቆ ለቀቀው። ሜካኒኩ የገፋው ጎማ በነፃ የተሽከረከረው ለዚህ ነው። ሽፋኑ ሳይወልቅ ውስጡን ሊያይ የሚችል ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ሜካኒኩን ለምን አላወለቀውም ብዬ ወቀስሁ፤ ዘበኛውን ለምን ቦዩን አልጠረገውም ብዬ ወቀስሁ፤ ዝናቡን እንኳ ሳልወቅሰው አልቀረሁም። ራሴን ግን ለመውቀስ ገና አልደረስሁም ነበር። ጭቃውን እንዳይሰበር በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርሁና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ሁለቱ ሽፋኖች አንድ ላይ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም መዘኑ። አውሮፕላኗን እንደ ገና ሚዛን ላይ አውጥቼ፣ የክብደት ወረቀቷን ከራስጌው ጀምሬ በአዲስ ጻፍሁ። እግሬ አጭር ስለሆነ ሁለቱን ፔዳሎች ካንተ ማስተካከያ ቀዳዳ በሁለት ቀዳዳ ወደ መቀመጫው ሳብኋቸው። ከዚያም ሜዳው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሬ አረፍሁ። ዘበኛው ከሩቅ ሆኖ ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

ሰኞ ጠዋት ተነሣሁ። መነሣቷ ለስላሳ ነበር፤ ጎማዎቹ ጭቃውን ወዲያና ወዲህ እየረጩ ተንደረደሩ፤ ከመሬት ስትለቅ ከክንፉ ሥር የበረዶ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ባዶ እግሯን መሆኗ በእጅ ይታወቃል። ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ጋዙን ሲቀንሱባት ቶሎ ትደክማለች፤ አፍንጫዋ ግን ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጎኗን ነፋስ ሲመታት እንደ ድሮው አትወዛወዝም። ወደድሁላት። የፍጥነት መለኪያው መቶ ስድሳ ስምንት ላይ ረጋ። ልክ እንዳሰላሁት ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጠፍቷል። ጉልበቴ ላይ ባሰርሁት ደብተር «168» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ይህን ያሰመርሁበትን ቁጥር አስብልኝ፤ አሁን የማፍርበትን ነገር ልነግርህ ነው።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ከሜዳችን ወደ ሰሜን ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነጩ የውኃ ማማ ጋ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ከዚያ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ መርማሪው ሜዳ ላይ መድረስ ነው። የመለኪያዎቹ ሰሌዳ ላይ በእኔ እጅ ተጽፎ የተለጠፈው ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሁለተኛውን ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይላል። ከሥር ጭጋግ ተኝቶ ስለነበር ማማው አልታየኝም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። ታጠፍሁ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቆጠርሁና ጭጋጉ ገለጥ ሲል ወደ ታች አየሁ። ሜዳው መኖር በነበረበት ቦታ ላይ የጡብ ፋብሪካ ቆሞ ነበር! ጭስ ማውጫዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም የገረመን ይመስለኛል።

ጠንካራዋን የሒሳብ መምህሬን ታስታውሳታለህ? አንተንም አንድ ዓመት አስተምራሃለች፤ ማስመሪያዋ ከእጇ አይለይም ነበር። ስንሳሳት መልሱን አትነግረንም፤ «ስሕተቱ የገባበትን በር ፈልጊ» ትለኝ ነበር። ጡብ ፋብሪካው ላይ አንድ ዙር እየዞርሁ በሩን ፈለግሁ። ኮምፓሱ ልክ ነው። ሰዓቱ ልክ ነው። ነፋስ የለም። ዐይኔ ደብተሬ ላይ ሲወርድ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «168» ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሠንጠረዡ የተሠራው ለመቶ ሰማንያ ነው! በገዛ እጄ ጫማዋን አውልቄ፣ ፍጥነቷን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ከዚያ ጫማ ላደረገች አውሮፕላን በተጻፈ ደቂቃ ታጠፍሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆችን «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» ስል የኖርሁ ሴትዮ!

ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። በሃያ አምስት ደቂቃ አምስት ኪሎ ሜትር ጎድሎኛል፤ ማለት ማማው ጋ ሳልደርስ ታጥፌአለሁ። በዐሥራ አምስቱ ደቂቃ ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር ጎድሎኛል። እንግዲህ ሜዳው ከፊቴ ሦስት፣ ወደ ግራዬ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አፍንጫዋን ወደ ግራ ስድሳ ዲግሪ ያህል አዞርሁና፣ በሁለት ደቂቃ ይታያል ብዬ ለራሴ ነገርሁ። በሁለተኛው ደቂቃ የማኮብኮቢያው ነጫጭ ድንጋዮች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። ነዳጄ ገና ከግማሽ በላይ ነበር፤ ስለዚህ በፍርሃት እንዳትገረጣ።

ነገር ግን ወንድሜ፣ በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ነገር ገባኝ፤ ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቀላል። ሽፋኖቹን ስትሠራ በጎማውና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ይሁን ብለህ ነበር። «እትዬ፣ የእኛ ሜዳ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጣት ይሁን» አልህ። እኔ ጠመኔዬን አንሥቼ በሼዱ በር ላይ አንድ ገጽ ሒሳብ ጻፍሁና፣ በአንድ ጣት በሰዓት ይህን ያህል እንደምናተርፍ አሳየሁህ። አንተም፣ «እሺ፣ መምህርት አንቺ ነሽ» ብለህ አንድ ጣት አደረግኸው። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ጭቃው ግን ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ሠንጠረዡን ከዐይኔ እንዳስበለጥሁ ሁሉ፣ ያን ቀንም ጠመኔዬን ካንተ እጅ አስበለጥሁ። ጎማውን ያሰረው ያንተ እግር አይደለም፤ የእኔ አንድ ጣት ነው። ከቦዩ ውስጥ ያወጣንህ ዕለት ልትሰማው የሚገባህን ቃል ዛሬ እነግርሃለሁ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ወደ መርማሪው ልመለስ። ቀጭን፣ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ታቅፎ የሚሄድ፣ ፈገግታ የሚቆጥብ ሰው ነው። ከአውሮፕላኗ ሳልወርድ፣ «አራት ደቂቃ ዘግይተዋል» አለኝ። «አዎ፤ ሁለቱ ደቂቃ ስሳሳት፣ ሁለቱ ሳርም ያለፉ ናቸው» አልሁት። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየና፣ «ሽፋኖቿስ?» አለ። «ቤት ናቸው።» «ያለ እነሱ ተመዝናለች?» አዲሱን የክብደት ወረቀት ሰጠሁት። የእኔን ድምር በማስያ ሦስት ጊዜ ደገመውና፣ «ልክ ነው» አለ፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ አቀርቅሮ፣ «ይቅርታ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቅጹ ላይ የእኔ ዕድሜ የሚሞላበት ሣጥን አለ?» አልሁት። አገላብጦ አየና፣ «የለም» አለ። «እንግዲያው ወደሚቀጥለው ሣጥን እንለፍ» አልሁት። ያን ጊዜ ነው የተቆጠበችው ፈገግታ አንድ ጊዜ የወጣችው።

የአደጋውን ታሪክ የሚጠይቀው ሣጥን ጋ ስንደርስ ጭቃውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ፎጣውን ገለጥሁለት። ሰሌዳውን ክንፉ ላይ አስቀመጠ። በጣቱ የጎማውን ጥርስ ተከትሎ ዳበሰው፤ የሚያብረቀርቀውን ቦታ ሲነካ ቆመ። «ይህን ይዞ ያረፈው ማን ነው?» አለኝ። «ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ግራ እግሬ ሳላዘው ረገጠ ብሎ መብረር ትቷል» አልሁት። «ከመጠማዘዙ በፊት ምን ያህል ሮጠ?» «መቶ ሜትር ያህል።» ቀና ብሎ አየኝና የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፦ «እትዬ፣ ይህ ጎማ የታሰረው ገና መሬት እንደነካ ነው። የታሰረ ጎማ ይዞ መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ የሮጠ ሰው ግራ እግሩ አልበደለም፤ ቀኝ እግሩ ነው እስከ መጨረሻው ተሟግቶ ያቆያት። እኔ ብሆን ሃያም አልሄድ።» ይህንኑ አሳጥሮ በመዝገቡ ላይ ጻፈው፤ ፈረመበት። ቀንም ጽፎበታል፤ አንዳንድ ሰው ቀን ይጽፋል።

ወረቀቷ ለአንድ ዓመት ታድሷል። መርማሪው አንድ ነገር ብቻ አዝዟል፤ ክፍተቱ ወደ ሁለት ጣት ሳይሰፋ ሽፋኖቹ እንዳይመለሱ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ በደብተሬ አዲስ ደቂቃ ጽፌ፣ ማማውን በዐይኔ አይቼ ታጠፍሁ። ሜዳችን ላይ ያረፍሁት አንተ በተጠማዘዝህበት ቦታ ላይ ነው፤ ሆን ብዬ። ጭቃው እስከ ክንፉ ሆድ ድረስ ተረጨ፤ መስተዋቱን ሳይቀር ለቀለቀው። ጎማዎቹ ግን እየተሽከረከሩ አራገፉት፤ ቀጥ ብላ ሮጣ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘበኛው በዱላው ዱካዬን ለክቶ፣ «መምህር፣ በማስመሪያ ነው እንዴ የሚያርፉት?» አለኝ። ልጄ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ሥራ ላይ መስላኝ ነበር። ባልዲና ጨርቅ አቀበለችኝና አብረን አጠብናት።

ሽፋኖቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ሜካኒኩ ልቁረጣቸው ብሎኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም። እሱ ብሎን አጥባቂ እንጂ ፋይበርግላስ ቆራጭ አይደለም፤ የእኔን አቆራረጥ ደግሞ አንተ ስትስቅበት የኖርህ ነው። ስለዚህ ትከሻህ እስኪጠናልህ ድረስ አውሮፕላናችን ባዶ እግሯን ትሄዳለች፤ አትጎዳም። የድሮውን ሠንጠረዥ ከሰሌዳው ላይ ልጬ፣ በመቶ ስድሳ ስምንት አዲስ ሠርቼ ለጥፌአለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የታጠፈ ሌላ ወረቀት ታገኛለህ። ወረቀቱን ጭቃው ላይ አንጥፌ በእርሳስ እየፈገፈግሁ ያወጣሁት የጎማው ጥርስ ነው። የለሰለሰው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታይሃል። ጣትህን እዚያ ላይ አድርግ። ከዚያ ስለ እግርህ የጻፍኸውን መልሰህ አንብበው፤ ተማሪዬ ብትሆን በቀይ እሰርዘው ነበር። የመሸጫ ወረቀቱም እዚሁ አለ፤ በእኔ ፊርማ ቦታ አንድ ሰረዝ አስምሬ ልኬልሃለሁ። ለጀልባው ሰውዬ ራሴ ነግሬዋለሁ፤ «እናቴ፣ ቆም ብለው ያስቡበት» አለኝ። «በሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ አስቤ ጨርሻለሁ» አልሁት።

ባለቤትህን በጉልበቷም በትዕግሥቷም ሰላም በልልኝ፤ ሸሚዝህን በግድ ራስህ እንድትለብስ ታድርግህ፤ ትከሻ የሚጠነክረው እንዲያ ነው። ለልጅህ ያሳተመው የቀን መቁጠሪያ ደርሶኛል በለው፤ ቁጥሮቹ ጎልተው ስለሚነበቡ ሼዱ ውስጥ ሰቅየዋለሁ። ለሚስቱም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለትንሿ የልጅ ልጅህ ደግሞ የላከችልኝ ሥዕል መስኮቴ ላይ እንዳለ ንገራት። የአውሮፕላኗን ጎማዎች ባዶ ክብ አድርጋ በመሣልዋ አንተ «ጫማዋን ረሳሽ» ብለህ ተቆጥተሃት እንደነበር ጽፈህልኛል። አልረሳችም፤ ከሁለታችንም ቀድማ አይታለች። ይቅርታ ጠይቃት። ከዚህ በኩል ልጄ በጣም ሰላም ትላችኋለች፤ ዘበኛውም «የጭቃው ጀግና መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠይቃል፤ ሜካኒኩ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ሰላምታውን ልኳል።

ለአንተ ያለኝ ሰላምታ አንድ ብቻ ነው። ትናንት አውሮፕላኗን አጥበን ከጨረስን በኋላ ሼዱ ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ፣ ለአጭር እግሬ ብዬ የሳብኋቸውን ፔዳሎች ፈታሁ። ሁለቱንም ወደ አንተ ቀዳዳ መለስኋቸው፤ ብሎኖቹንም አጠበቅሁ።

ታላቅ እህትህ

ከሼዱ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፤
ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ካቆመ በዘጠነኛው ቀን ተጻፈ።